ማክሰኞ ማን ስልክ ያነሳል?

(ሐዋሳ ውስጥ ለክረምት በጎ ፈቃድ ሥራ ለተዘጋጁ የሊኑክስ ወዳጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ፀሐይ ከአቶቴም፣ ከዓረብ ሰፈርም፣ ከዩኒቨርሲቲውም ተነስታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጥገና ቤት የምትሠሩ አላችሁ። መምህራን አላችሁ። ገና አሥራ አንደኛ ክፍል የሆናችሁም አያለሁ። እንዲህ ተቀላቅላችሁ መምጣታችሁ ለዛሬው ጉዳይ በጣም ይጠቅማል።

ክረምቱ ሊገባ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተማሪው ለክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይወጣል። አንዱ ችግኝ ይተክላል፣ አንዱ የአረጋውያን ቤት ያድሳል፣ አንዱ ደም ይለግሳል። እኛ ደግሞ ሊኑክስን፣ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ እናውቃለን። ይሄን እውቀት ለከተማው ሰው እናድርስ ብለን ተነስተናል። ደስ ይላል። ግን እንዴት አድርገን?

ብዙ ጊዜ የሚደረገውን ታውቁታላችሁ። ባነር ይሠራል፣ አዳራሽ ይለመናል፣ ፍላሽ ይዘጋጃል። በመጣው ላፕቶፕ ሁሉ ላይ ሊኑክስ ይጫናል። ፎቶ እንነሳለን። ቅዳሜ ማታ ሁሉም ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የአንዷ ፕሪንተር አልሠራ ሲል ማን ነው ስልክ የሚያነሳው? ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህች ጥያቄ የሚወጣ ነው።

እስቲ ከአጀማመሩ ልነሳ። ሊኑክስ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኖ ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 1991፣ በእኛ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ወር ማለት ነው፣ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሚኒክስ የሚባለውን ሲስተም ለሚጠቀሙ ሰዎች መልእክት ላከ። ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራሁ ነው፣ ለጊዜ ማሳለፊያ ያህል ነው፣ እንደ ጂኤንዩ ትልቅ ነገር አይሆንም አለ። ጂኤንዩ ያኔ ሪቻርድ ስቶልማን የጀመረው ትልቁ የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ነበር። ይሄን ታሪክ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ የምወደው ግን የመልእክቱን አገባብ ነው። ሚኒክስ ላይ ምን ትወዳላችሁ፣ ምን ትጠላላችሁ ብሎ ነው ሰዎቹን የጠየቃቸው። የመጀመሪያው የሊኑክስ ማስታወቂያ ጥያቄ ነበር። እኛም ሰፈር ስንገባ ከዚያ ብንጀምር ጥሩ ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት 500 ፈጣን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ፣ ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ፣ ሊኑክስ የማይጠቀም አንድም የለም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክም ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ሊኑክስ ነው። ይሄ ለእኛ ኩራት ነው። ለፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ግን ምንም አይፈይድላትም። የእሷ ጭንቀት ሌላ ነው።

ሌላም የማይሠራ ነገር አለ። ውጭ አገር ያሉ የሊኑክስ ወዳጆች ሰው ሲጠሩ ቶሎ የሚያነሱት ዋጋውን ነው። ዊንዶውስ ይሸጣል፣ ይሄ በነፃ ነው ይላሉ። እኛ ጋ ይሄ አይሠራም። ሰው ላፕቶፕ ሲገዛ ዊንዶውስ ተጭኖለት ነው የሚረከበው። ሲበላሽ ሰፈሩ ያለው ጥገና ቤት በትንሽ ብር ፎርማት አድርጎ ክራክ የተደረገ ይጭንለታል። ኦፊሱም አብሮ ይገባል። ለዚህ ሰው «በነፃ ነው» ስትሉት «የእኔስ መቼ ከፈልኩበት?» ይላችኋል። እውነቱን ነው። «ሕገወጥ ኮፒ ነው የምትጠቀመው» ብላችሁ ከተቆጣችሁት ደግሞ ጭራሽ ጆሮውን ይዘጋባችኋል። ጥፋተኛ ያደረጋችሁት ሰው እንዴት ብሎ ወዳጃችሁ ይሆናል?

ታዲያ ምን ይሠራል? መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ዴስክቶፕ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ «ዱቤ የለም» የሚል ወረቀት። አንድ ተማሪ ጽሑፉን ሊያሳትም ፍላሽ ይዞ ገባ። ሲሰካ ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። ቢጫኑት አይከፈትም። ልጁ ላብ በላብ ሆነ፤ ማስረከቢያው የዚያኑ ቀን ነው። ሾርትከት ቫይረስ ያልነካው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

አብራኝ የነበረች የቡድናችን ልጅ ላፕቶፗን አውጥታ ፍላሹን ሰካችው። ሊኑክስ ነው ያለው። ሁሉም ታየ። ቫይረሱ የደበቃቸው ፎልደሮችም ታዩ፣ ቫይረሱ ራሱም ታየ። ዊንዶውስ ላይ ፋይል የሚደበቅበትን ምልክት ሊኑክስ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ስለዚህ ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ዘርግፎ ያሳያል። ቫይረሱ ደግሞ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ እዚህ አይነሳም። ልጅቷ ሾርትከቶቹን አጠፋች፣ የቫይረሱን ፋይል አጠፋች፣ ጽሑፉን ወደ ሌላ ፍላሽ ገለበጠች። ታተመ። የቤቱ ባለቤት ዝም ብላ ስታይ ቆይታ «እህቴ፣ ይሄን ነገር ለእኔም አድርጊልኝ። በቀን ስንቱ ነው አንገቱን ደፍቶ የሚሄደው» አለቻት።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ሊኑክስ ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን ቀጥሎ የመጣውን ነው። ልጅቷ «እሺ» ብላ እዚያው አልጫነችላትም። «በቀን በቀን ምን ምን ትሠሪበታለሽ?» አለቻት። ሴትየዋ ቆጠረች። ደብዳቤና ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ስካን ታደርጋለች። ጉርድ ፎቶ በፎቶሾፕ ታስተካክላለች። ደንበኞቿ የሚያመጡት የአማርኛ ጽሑፍ ግማሹ በድሮ ፎንት ነው።

እንዲህ ሲሆን ዋናው ኮምፒውተሯ መነካት የለበትም። ፎቶሾፕ ሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ እንጀራዋ ደግሞ እሱ ነው። ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበራት። ሊኑክስ የገባው እዚያ ላይ ነው። ከደንበኛ የመጣ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይሰካል፣ ይጸዳል፣ የሚፈለገው ፋይል ብቻ በኔትወርክ ወደ ዋናው ያልፋል። እስካሁን የምትሠራው በዚህ ነው። ደንበኞቿም «ፍላሽ የምታጸዳዋ» እያሉ ሰው ይልኩባታል። ማንኛውም ባነር ከዚህ በላይ ሊያስተዋውቀን አይችልም።

የድሮ ፎንት ካነሳሁ የአማርኛን ነገር ሰፋ አድርጌ ልናገር። ሰው ከእኛ ጋር የሚጣላው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር የሚሰጥ ዩኒኮድ የሚባል የኮምፒውተር ስምምነት አለ። ፊደላችን እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ በዩኒኮድ 3.0። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ እያስቀመጡ ነበር የሚሠሩት። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ፎንቱ ግን አማርኛ አስመስሎ ይስለዋል። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ያው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ይወጣል። ዛሬም በእነዚህ ፎንቶች የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የፈተና ወረቀት፣ የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ በእነሱ ተጽፎ ታገኛላችሁ።

እንግዲህ ለአንድ መምህር ሊኑክስ ጫናችሁለት እንበል። ሰኞ ማታ የዓመታት የፈተና ጥያቄዎቹን ይከፍታል። ዝብርቅርቅ ነው። ምን ይላል? «ሊኑክስ ፋይሌን በላው» ይላል። ፋይሉ እንዳልጠፋ እናንተ ታውቃላችሁ። እሱ አያውቅም፣ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። ለዚህ ነው ከመጫን በፊት ፋይሎቹን አብራችሁ ማየት ያለባችሁ። በድሮ ፎንት የተጻፈ ካለ እዚያው አሳዩት፣ ምን እንደሚሆን ንገሩት፣ አስፈላጊዎቹን ወደ ዩኒኮድ ቀይሩለት። አሰልቺ ሥራ ነው። አንዳንዴ ከመጫኑ በላይ ጊዜ ይወስዳል። ግን ያ መምህር ዩኒኮድ የሆነውን ጽሑፉን ስልኩ ላይ ሲከፍተው፣ በቴሌግራም ሲልከውና ሳይበላሽ ሲደርስለት ፊቱን እዩት። ለአማርኛ የሠራችሁት ሥራ ነው ያ።

አዲስ ለሚጽፍ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። አይባስ የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ላይ አማርኛን መርጦ ድምፁን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ነው፤ ፊደሉ ራሱ ይወጣል። አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት ፎንቶች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ሊኑክስ ላይ የኦፊስን ቦታ የሚይዘውን ሊብሬ ኦፊስን ሜኑውን በአማርኛ ማድረግ ይቻላል። ይሄንን ቀድማችሁ ራሳችሁ ተለማመዱት። በእንግሊዝኛ ሜኑ የለመዳችሁ ሰዎች «ፎርማት» የሚለው በአማርኛው የት እንዳለ ስታፈላልጉ ሰው ፊት እንዳትደናገሩ።

እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ አማርኛ ብቻ ይዞ ሰፈር መግባት አይበቃም። ሊኑክስ ውስጥ የየአገሩን ቋንቋ የወርና የቀን ስም፣ የገንዘብ አጻጻፍ የሚይዙ ትንንሽ ፋይሎች አሉ። ዝርዝሩን ብትከፍቱት ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከትግርኛ፣ ከሶማሊኛ፣ ከአፋርኛና ከግዕዝ ጋር ሲዳምኛና ወላይትኛንም ታገኛላችሁ። እኔ ሰው ፊት ይሄን ስከፍት ሁሌ ደስታ ይሰማኛል። ቱላ ያደገ ልጅ የቋንቋው ስም እዚያ ተጽፎ ሲያይ «ይሄ የእኔም ነው» ይላል። ከእናንተ ውስጥ ሲዳሙ አፎ (ሲዳምኛ) የምትናገሩ ፊት ለፊት ሁኑ። ማስረዳቱን እናንተ ያዙ፤ ሌሎቻችን ኬብል እንያዝ።

አሁን ከባዱን ልናገር። ሊኑክስ የማይጫንለት ሰው አለ። ይሄን ደፍረን መናገር አለብን።

የሒሳብ ሠራተኛ ከሆነች፣ ሥራዋም ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ከሆነ፣ ዊንዶውሷን አትንኩ። ኮሌጅ የተማረችው በእሱ ነው፣ ቀጣሪዋ የሚጠብቀው እሱን ነው። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ከሆነና ፕሮጀክቱ በአውቶካድ ከሆነ፣ ቢያንስ ዊንዶውሱ ከጎን ይቀመጥለት። «አማራጭ አለው» የምትል ነገር አለች፣ አፋችን ላይ ቶሎ የምትመጣ። አማራጭ አለው፣ አዎ። ግን አለቃው የላከለትን ፋይል በትክክል ይከፍታል ወይ? ካልከፈተ ለዚያ ሰው አማራጭ የለውም። «ለአንተ ሥራ አሁን አይሆንህም፣ ግን ይሄን ላይቭ ፍላሽ፣ ሳይጫን የሚነሳውን ሊኑክስ፣ ውሰድ፣ ስትፈልግ ሞክረው» ያላችሁት ሰው በሌላ ቀን ታናሽ ወንድሙን ይዞ ይመጣል። እምነት የምታገኙት እምቢ ባላችሁበት ቦታ ነው።

በዚያው ልክ ደግሞ የሚጠቅመው ሰው ብዙ ነው። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ከተማችን ውስጥ በየቤቱ ያሉትን ላፕቶፖች አስቡ። በየሱቁ ተደርድረው የሚሸጡትን ያገለገሉ ማሽኖች አስቡ። ስንቱ ነው 8ኛ ትውልድ የሚደርሰው? ሊኑክስ ሚንት የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ግን፣ ኤክስ-ኤፍ-ሲ-ኢ በሚባለው ቀላል ገጽታው፣ በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፤ በ4 ደግሞ በደንብ ይሠራል። ሰው «ኮምፒውተሬ አርጅቷል፣ ልጣለው» ሲል ማሽኑ ገና ለዓመታት እንደሚያገለግል ማሳየት ትችላላችሁ። የልጁ የትምህርት ኮምፒውተር ይሆናል። በአሁኑ የላፕቶፕ ዋጋ ይሄ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ቅዳሜው እንምጣ። የመጫኛው ቀን ላይ ጥቂት የማትደራደሩባቸው ነገሮች ይኑሩ።

ባክአፕ ሳይወሰድ ማንም ምንም አይጫን። ሰውየው «ምንም የለበትም፣ አጥፋው» ቢልም። ዴስክቶፑን፣ ዶክመንቱን፣ ዳውንሎዱን፣ ፎቶዎቹን አብራችሁ ክፈቱ። የሟች እናቱ ብቸኛ ፎቶ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ሊኖር ይችላል። ለዚህ የሚሆን ባዶ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ኑ። ሰውየው ራሱ ባክአፑን ከፍቶ አይቶ «አዎ፣ ሁሉም አለ» ሳይል ወደ ቀጣዩ አትሂዱ።

ከዚያ ሳትጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነሱት። ዋይፋዩ ይሠራል? ድምፁስ? ካሜራውስ? ስክሪኑ ታጥፎ ሲከፈት ይመለሳል? የዋይፋይ ካርዱ ብሮድኮም ከሆነ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራ ፕሮግራም፣ ለብቻው ሊፈልግ ይችላል። ያኔ ስልክ በኬብል አገናኝታችሁ ኢንተርኔት ስጡት፣ ድራይቨሩን አውርዱ። ፕሪንተር ካለው ሞዴሉን ጠይቁ። ኤችፒ ለሊኑክስ የራሱ ሶፍትዌር ስላለው ብዙ አያስቸግርም። ሌላ ከሆነ ከመጫን በፊት አረጋግጡ። ማክሰኞ የሚደወለው ስልክ አብዛኛው ስለ ፕሪንተር ነው።

እጃችሁን ደግሞ ከኪቦርዱ ላይ አንሱ። ይሄ ለጎበዞቻችን በጣም ይከብዳል፤ እኛ በአምስት ሰከንድ የምንጨርሰውን ሰው ሁለት ደቂቃ ሲፈልግ ማየት ያስጨንቃል። ቻሉት። ማውዙን የያዘ ሰው ነው የሚማረው። በተለይ ሴት እህቶቻችን ላይ ላፕቶፑን ነጥቆ «ቆይ፣ እኔ ላድርግልሽ» ማለት ተለምዷል። ይሄ እንዲቀር እፈልጋለሁ። ሰዓቱንም አስቡበት። ፕሮግራም ማታ ከሆነ ብዙ ሴቶች አይመጡም። ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ አስረጂዎቹም ወንዶች ብቻ አይሁኑ።

ስለ ዲስትሮ፣ ማለትም የትኛው የሊኑክስ ዓይነት ይሻላል ስለሚለው፣ ክርክር አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ እንግዳ ፊት አይደረግም። ለቡድኑ በሙሉ አንድ ምረጡ። ሚንት ይሁን፣ ረጅም ድጋፍ ያለው ኡቡንቱ ኤልቲኤስ ይሁን፣ ዴቢያን ይሁን ለእኔ ልዩነት የለውም። አንድ ከሆነ ማንም ስልክ ቢያነሳ ሰውየው የሚያየውን ስክሪን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። ቡድናችሁን እንደ እድር አቋቁሙት። እድር ሊቀመንበሩ ቢቀየርም አይፈርስም። መዝገብ አለው፣ ተረኛ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። የእኛ የቴክኖሎጂ ክበቦች ግን አብዛኞቹ በአንድ ጎበዝ ልጅ ትከሻ ላይ የቆሙ ናቸው። ልጁ ይመረቃል ወይም አዲስ አበባ ሥራ ያገኛል፤ ክበቡም አብሮት ይሄዳል። ያ ልጅ እስኪሄድ ድረስም ስልኩ ቀንም ሌሊትም እየጮኸ ይሰቃያል። መጨረሻ ላይ ይሰለቸውና ስልክ ማንሳት ያቆማል። በእሱ አልፈርድም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አንድ ሲም ካርድና አንድ ተራ ስልክ ግዙ። የሁሉም ደንበኛ የሚያውቀው ያንን ቁጥር ብቻ ይሁን። ስልኩ በየሳምንቱ እጅ ይለውጣል። ሰዓት ይኑረው፣ ለምሳሌ ከሥራ በኋላ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት። ከስልኩ ጋር አንድ ደብተር አብሮ ይዙር። ማን ደወለ፣ ማሽኑ ምንድን ነው፣ ችግሩ ምን ነበር፣ እንዴት ተፈታ። የሰው ፓስወርድ እዚያ ላይ በፍጹም አይጻፍ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ ደብተር ከማንኛችሁም በላይ አዋቂ ይሆናል። አዲስ ተረኛ ያቺኑ ፕሪንተር ሲገጥመው ገልጦ ያነባል።

ከዚህ ተነስታችሁ ስንት ማሽን እንደምትጭኑ ወስኑ። በተረኛ ስልክ ልትደግፉት ከምትችሉት በላይ አትጫኑ። በሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ኮምፒውተር ተጫነ» የሚል ትልቅ ቁጥር ያምራል፣ ጽሕፈት ቤቶችም ይወዱታል። እኔ ግን ከሦስት ወር በኋላ ደውላችሁ ስንቱ አሁንም እየተጠቀመበት እንደሆነ ብትጽፉልኝ ነው የምመርጠው። ቁጥሩ ያነሰ ይሆናል። ምን ማስተካከል እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ግን እሱ ነው።

ኡቡንቱን በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። ኩባንያው ካኖኒካል እስከ 2011 ድረስ ሲዲ ለጠየቀ ሰው ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። ትልቅ ሥራ ነው። ሲዲው ግን ቤታችሁ ከደረሰ በኋላ የፕሪንተራችሁን ጥያቄ አይመልስም። ያንን የሚመልሰው ሰፈራችሁ ያለ ሰው ነው። እናንተ እዚህ የመጣችሁት ያንን ቦታ ልትሞሉ ነው።

ስለ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ብዙ ጠይቃችሁኛል። ከፍ ያለውን ባለሥልጣን ማሳመን ነው ወይስ ከታች መጀመር? በፈረንጅ አገር የሚታወቅ አንድ ታሪክ አለ። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ምክር ቤት በ2003 እ.ኤ.አ. ወደ ሊኑክስ ለመዞር ወሰነ። እስከ 2013 ድረስ ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ዞሩ። በ2017 ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ እንዲመለስ ድምፅ ሰጠ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ አልገባበትም። የህንዷ ኬረላ ክልል ደግሞ ትምህርት ቤቶቿን ወደ ነፃ ሶፍትዌር ስታዞር ዋናው ሥራ መምህራንን ማሰልጠን ነበር። መምህር መምህርን እያሰለጠነ በየትምህርት ቤቱ ገባ። እዚያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እኔ የኬረላው መንገድ ለእኛ የሚሻል ይመስለኛል።

ስለዚህ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደብዳቤ ከማስገባታችሁ በፊት የአይሲቲ መምህሩን አግኙት። የላቦራቶሪው ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው። ኮምፒውተሮቹን በሞዴል 22 ፈርሞ የተረከበውም እሱ ነው። አንዱ ቢበላሽ የሚጠየቀው እሱ ነው። «እናንተ በጎ ፈቃደኞች ናችሁ፣ ነገ የላችሁም» ብሎ ቢፈራ ምክንያት አለው። ስለዚህ በሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም በማይነካ ላይቭ ፍላሽ ጀምሩ። ወይም ከአገልግሎት ውጭ ሆነው የተደረደሩትን ማሽኖች ጠይቁት። ከሦስት የተበላሹ ሁለት የሚሠራ ታወጣላችሁ። ሚኒ ሚዲያውና የአይሲቲ ክበቡ ያሉትን ተማሪዎች አስገቡ፤ እናንተ ስትሄዱ እነሱ እዚያው ናቸው። ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ መምህሩ ራሱ ይጻፈው። ማህተሙም በትምህርት ቤቱ በኩል ይሁን። ከ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራሙ ሥልጠና የወሰዱ ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ አሉ፤ እነሱን ፈልጉ። ኮድ የተማረ ልጅ የሚለማመድበት ማሽን ያስፈልገዋል።

ኢንተርኔቱን ደግሞ አትርሱ። ሰው ፓኬጅ ገዝቶ ነው የሚጠቀመው። እናንተ ጭናችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ሊኑክሱ አፕዴት ልውሰድ ብሎ የሳምንቱን ዳታ ቢጨርስበት ይቀየመናል። በራሱ እንዳያወርድ አስተካክሉለት፣ እንዴት በፈለገ ጊዜ እንደሚያወርድ አሳዩት። የፕሮግራሞቹን ሙሉ ስብስብ በአንድ ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ዙሩ፤ ዴቢያንም ኡቡንቱም ከዚያ ላይ እንዲጭኑ ማድረግ ይቻላል። ኪዊክስ የሚባለውን ፕሮግራምም ጨምሩበት፤ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ የአማርኛው ፋይል ትንሽ ስለሆነ በየትኛውም ማሽን ላይ ይገባል። መብራት በሚጠፋበትና ኔትወርክ በሚሄድበት ሰፈር ያለ ልጅ ይሄ ምን ያህል እንደሚጠቅመው እናንተ ታውቃላችሁ።

ቀን መምረጥ ካለባችሁ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየአገሩ የሚከበር የሶፍትዌር ነፃነት ቀን አለ። በተለምዶ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው። በእኛ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ፣ ከመስቀል በፊት ይውላል። ተማሪው ሊመለስ ነው፣ ወላጅ ስለ ኮምፒውተር ያስባል። ክረምቱን በሙሉ ደብተራችሁን እየሞላችሁ ብትቆዩ፣ ያን ቀን ሰው ፊት የሚቆሙት በክረምቱ የረዳችኋቸው ሰዎች ይሁኑ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ሴት ትናገር። ፈተናውን ወደ ዩኒኮድ የቀየረው መምህር ይናገር። እኛ ኋላ ወንበር ላይ እንቀመጥ።

ለዛሬ የሚቀረን ሥራው ነው። ሲም ካርዱ ተገዝቷል፣ ስልኩም አለ። የተረኞች ዝርዝር በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ የሐምሌ ሳምንታት ባዶ ናቸው። ለአንድ ሳምንት የሚችል ስሙን ይጻፍ፤ ለሁለት የሚችል ለአንድ ብቻ ይጻፍና ሌላውን ለጓደኛው ይተው። ዩኒኮድ መቀየር የምትችሉ ለብቻ ተመዝገቡ፣ ሰው ያነሰን እዚያ ላይ ነው። ሲዳሙ አፎና ወላይትኛ የምትናገሩም እንዲሁ። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ።